ሩት ቢር ፍሎት ምንድን ነው? ከፍሪዘር የሚወጣውስ?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከአንድ ሱፐርማርኬት ስድስት ፍሬ የያዘ ካርቶን ገዛሁ። ላዩ ላይ «ሩት ቢር ፍሎት» ይላል። ውስጡ ያለው ግን የሚጠጣ አይደለም፤ እንጨት የተሰካበት አይስክሬም ነው። ልጄ ካርቶኑን አየት አድርጋ «ማሚ፣ ብርጭቆ ከሌለው ፍሎት ነው እንዴ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ።

ፍሎት እንግዲህ ይሄ ነው። ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ማንኪያ ቫኒላ አይስክሬም ታደርጋላችሁ። በላዩ ላይ በደንብ የቀዘቀዘ ለስላሳ ቀስ እያላችሁ ታፈሳላችሁ። አይስክሬም በውስጡ ብዙ አየር ስላለ ከለስላሳው ይቀላል። ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ ይንሳፈፋል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ግማሹን በስትሮ ትጠጡታላችሁ፣ ግማሹን በማንኪያ ትበሉታላችሁ። በኮካም በፋንታም ይሠራል። አሜሪካኖች ግን ፍሎት ሲባል ቀድሞ የሚመጣላቸው ሩት ቢር ነው።

«ቢር» የሚለው አያስደንግጣችሁ። ከለስላሳዎች ጋር ተደርድሮ የምታዩት ሩት ቢር አልኮል የለውም፤ ልጆች ይጠጡታል። «ሩት» ደግሞ ሥር ማለት ነው። ድሮ ዋናው ጣዕሙ ሳሳፍራስ ከሚባል ዛፍ ሥር ይወጣ ነበር። ለሰፊው ገበያ ያበቃው ቻርልስ ሃየርስ የተባለ የፊላደልፊያ ፋርማሲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በከተማዋ በተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አቀረበው። መጀመሪያ «የሥር ሻይ» ሊለው አስቦ ነበር ይባላል። «የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሻይ አይገዛህም፣ ቢራ በለው» ብሎ የመከረው ወዳጁ ነው አሉ። ስሙ ገበያ አመጣለት፤ መዘዝም አመጣበት። በ1895 መጠጥን የሚቃወም የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ሰው እንዳይገዛው ዘመቻ ከፈተበት። ዘመቻው የበረደው በ1898 መጠጡ በላቦራቶሪ ተመርምሮ አልኮሉ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

ጣዕሙን ላልቀመሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቫኒላ ቫኒላ ይላል። ከሥሩ ደግሞ ዊንተርግሪን የሚባለው ቅጠል ሽታ አለ። ይህ ሽታ ጡንቻ ሲያም በሚታሸው ቅባት ውስጥ ያለው ነው። ከሀገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሲቀምሰው «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» የሚለው ለዚህ ነው። እኔም ብያለሁ። አሁን የምወደው ደግሞ ለዚሁ ሽታው ነው። የሳሳፍራስ ዘይት ግን ዛሬ አይገባበትም። ሳፍሮል የሚባለው ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የጉበት ካንሰር ማምጣቱ ስለታየ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1960 ከልክሎታል። አሁን የምንጠጣው አስመስለው የሠሩትን ጣዕም ነው።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንመለስ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ለስላሳው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታምቆ ተቀምጧል። ጋዙ ለመውጣት መነሻ ቦታ ይፈልጋል። የአይስክሬም ገጽ ደግሞ በጥቃቅን የበረዶ ቅንጣትና በአየር ቀዳዳ የተሞላ ነው። ለስላሳው ሲነካው ጋዙ ከየቀዳዳው በአንድ ጊዜ ይነሳል። ብቻውን ቢሆን ወዲያው ይጠፋ ነበር። የወተቱ ፕሮቲን ግን እያንዳንዱን አረፋ እንደ ቀጭን ልብስ ይሸፍነውና ቶሎ እንዳይፈነዳ ያደርገዋል። ካላያችሁት እንደ ጀበና ቡና ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ሩት ቢር ከአይስክሬም ጋር የተስማማበት አንዱ ምክንያትም እዚህ ጋ ነው፤ አሲዱ ከኮካ ያነሰ ስለሆነ ወተቱን ያን ያህል አይቋጥረውም።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው። አይስክሬሙ ከለስላሳው በጣም ስለሚቀዘቅዝ፣ የነካው ለስላሳ እላዩ ላይ ይረጋል። ቀጭን የበረዶ ቅርፊት ይሠራል። በማንኪያ ስትሰብሩት ውስጡ ለስላሳ ክሬም፣ ውጪው ቀጭ ቀጭ የሚል በረዶ ነው። ለእኔ የፍሎት ነፍሱ ይህች ቅርፊት ናት።

ይህን ማን ጀመረው? ብዙ ሰው «እኔ ነኝ» ብሏል። በይበልጥ የሚጠቀሰው ሮበርት ግሪን ነው። በ1874 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ በዓል ላይ ሶዳ ሲሸጥ አይስክሬም ጨመረበት ይባላል።

እንጨት የተሰካበት ፍሎት ታዲያ ምን ይዟል? የገዛሁት ውጪው የሩት ቢር ጣዕም ያለው ቡናማ በረዶ ነው። መሐሉ ቫኒላ ነው። ጋዝ የለውም። ሊኖረውም አይችልም። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ጋዝ ይዞ መቆየት አይችልም፤ ይገፋዋል። ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ ለስላሳ ጠርሙሱን የሚሰብረውም በዚህ ነው፤ ውሃው ራሱ ሲረጋ ይሰፋል፣ ጋዙም ከውስጥ ይገፋል። ስለዚህ ከፍሪዘር የሚወጣ ፍሎት አረፋውን ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ አጥቷል።

የመጀመሪያውን እንዳወጣሁት ነከስኩት። ስህተት ነበር። ምላስ በጣም ሲቀዘቅዝ ጣዕም በደንብ አይለይም፤ ስኳር ስኳር ብቻ ነው ያለኝ። ሁለተኛውን አምስት ደቂቃ ሳህን ላይ አቆየሁት። ያኔ የዊንተርግሪኑ ሽታ መጣ። ጥርሴ ውጪውን ሲሰብረው ቀጭ አለ፣ ከሥሩ ክሬሙ ተቀበለኝ። ያቺ ቅርፊት! ብርጭቆ ውስጥ በሁለት ደቂቃ የምትቀልጠው ቅርፊት እዚህ ዳር እስከ ዳር አለች። በዚህስ ከብርጭቆው ይበልጣል፤ ከልቤ ነው የምለው።

ስትገዙ ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አንብቡ። በአሜሪካ ሕግ «አይስክሬም» ለመባል ቢያንስ 10 በመቶ የወተት ስብ ያስፈልጋል። ያንን ያላሟላው «ፍሮዝን ዴይሪ ዴዘርት» እንደሚል ዓይነት ሌላ ስም ይይዛል። ፍሎት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል፤ ስቡ ሲያንስ መሐሉም እንደ ውጪው በረዶ በረዶ ይላል።

ማታ ልጄ ጥያቄዋን ራሷ መለሰችው። አንዱን ከእንጨቱ ላይ በቢላ አውርዳ ብርጭቆ ውስጥ ከተተችው። ከፍሪጅ አንድ ጣሳ ሩት ቢር አወጣችና አፈሰሰችበት። አረፋው ተነሳ፤ እሷ ስትጮህ እኔ ፎጣ ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ ቡናማው ቁራጭ ወደ ላይ ወጥቶ ይንሳፈፋል።