ትርፍ ሰዓት ሌላ፣ ተረኝነት ሌላ

ደብረ ማርቆስ ቡና ስንጠጣ አንድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወዳጄ ጠየቀኝ። ቅዳሜውን ሙሉ ማዳበሪያ ሲያከፋፍል ነው የዋለው። «በሕጉ እጥፍ ክፍያ ይገባኛል አይደል?» አለኝ።

እጥፍ የሚለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። እዚያ ለትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ ቀን ላይ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ግን ይህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛን አይመለከትም! እሱ የሚተዳደረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው።

በመንግሥት ሠራተኛ ሕግ የተለመደው መንገድ ወይ ክፍያ፣ ወይ ማካካሻ ዕረፍት ነው። ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። አለቃ በስልክ «ቅዳሜ ግባ» ይላል፤ ደብዳቤ የለም፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ አይፈረምም። በጀት ሲጠየቅ ደግሞ ፋይናንስ «ማን አዘዘህ?» ይላል። እውነቱን ለመናገር ፋይናንሱን አልወቅስም። ስለዚህ ትእዛዙን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካለ፣ በአጭር መልእክትም ቢሆን «በትእዛዝዎ መሠረት ቅዳሜ እገባለሁ» ብላችሁ ላኩለት።

ተረኝነት፣ ሐኪም ቤት ዱቲ የሚሉት፣ ሌላ ነገር ነው። በፕሮግራም ተመድቦ፣ ማታም በበዓልም ሥራ ቦታ ተገኝቶ መሥራት ነው፤ ለጤና ባለሙያ የራሱ የክፍያ መመሪያ አለው። ቤት ሆኖ ስልክ መጠበቅ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። እሱን ከመቀበላችሁ በፊት በየትኛው መመሪያ እንደሚታሰብ ጠይቁ።

ወዳጄ አሁን ማካካሻ ዕረፍቱን ጠይቋል፤ ለጤፍ አጨዳ ቤተሰብ ጋ ሊወርድበት።