የጉዛራ ግንብ፦ ጎንደርን የቀደመው የኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው ዋና መንገድ አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራዝ ሲደርስ በስተምሥራቅ ካለው ኮረብታ ላይ አንድ የድንጋይ ግንብ ይታያል። ይህ ጉዛራ ነው። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው መስኮት አይቶት ያልፋል፤ ጎንደር ስለ ቀረበ የሚቆም ጥቂት ነው። ወጥቶ ያየ ግን ቦታው ለምን እንደ ተመረጠ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። በምዕራብ በኩል ሜዳው እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ ተዘርግቷል። ከማማው የቆመ ዘብ በሜዳው የሚያቋርጥን ሠራዊት ገና ሩቅ ሳለ ያየው ነበር።

ሕንፃው በድንጋይና በኖራ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ግንብ ሲሆን ምድር ቤትና ፎቅ ነበረው። በማዕዘኑ ያለው ማማ ክብ ነው፤ አናቱም ሞላላ ጉልላት ነው። ጎንደር ያለውን የዐፄ ፋሲልን ግንብ ያየ ሰው ይህን ቅርጽ ወዲያው ይለየዋል። ከላይኛው ክፍል ብዙው ፈርሷል።

ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. በ1570ዎቹ መጀመሪያ ገደማ እንደሆነ ይነገራል። የዐፄ ሚናስ ልጅ የሆኑት እኚህ ንጉሥ በ1563 ገና በልጅነታቸው ነግሠው፣ በዙፋን ስማቸው መለክ ሰገድ ተብለው እስከ 1597 ገዝተዋል። የአገሪቱ ነገሥታት በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን እርሳቸው ክረምቱን የሚያሳልፉበትን ሥፍራ ወደ ጣና አካባቢ ማምጣታቸው ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ይዘው ነበር፤ የኦሮሞ እንቅስቃሴም ከደቡብ እየገፋ ነበር። ዜና መዋዕላቸው ጉባኤ የሚባል መቀመጫቸውን ያነሣል፤ ብዙዎች ይህን ከጉዛራ ጋር አንድ ያደርጉታል። ንጉሡ ወደ ሰሜን ዘምተው የሰሜኑን ባሕር ምድር ገዥ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅንና አብረዋቸው የተሰለፉትን ቱርኮች ድል አድርገው ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለችውን ደባርዋን ያዙ፤ በ1579ም በአክሱም ሥርዓተ ንግሥ ፈጸሙ።

ስለ ዘመኑ ክርክር አለ። አንዳንድ ተመራማሪዎች አሠራሩ ከጎንደር ግንቦች ጋር ስለሚመሳሰል ወደ ዐፄ ፋሲል ዘመን ሊያወርዱት ይፈልጋሉ። መመሳሰሉ እውነት ነው። ነገር ግን ልጅ አባቱን ቢመስል አባት ከልጁ በኋላ ተወለደ አያሰኝም። የግንበኞቹ ማንነትም አልለየለትም፤ የቱርክ እጅ አለበት የሚሉ አሉ፣ ከፖርቱጋሎች ጋር የሚያያይዙትም አሉ። የተለመደው ዘመን ትክክል ከሆነ ግን ግንቡ ከደባርዋ ድል በፊት የቆመ ነውና፣ ከዚያ ዘመቻ በተማረኩ ሰዎች እጅ ተሠራ ማለት አያስኬድም።

ከሠርፀ ድንግል በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ ደንቀዝንና ጎርጎራን መረጡ፤ በ1636 ገደማ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆሩ። እንፍራዝ ግን አልተረሳችም። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም ከካይሮ የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1700 ሲመለስ አልፎባት፣ ከጎንደር ብታንስም በአቀማመጧ የምትበልጥ፣ የንጉሡ ቤት ከተማዋን ከላይ የሚያይባት ቦታ አድርጎ ጽፏታል። ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ የሚያካሂዱባት ከተማ መሆኗንም መዝግቧል። ንግዷ ባሪያና ዝባድ ነበር። አንዳንዱ ነጋዴ እስከ ሦስት መቶ የሚደርሱ ጥርኞች ነበሩት፤ በየሳምንቱ ከጥርኙ የሚፋቀው ቅባት በበሬ ቀንድ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። እንፍራዝን በዚህን ያህል ቅርበት የሚያሳይ ሌላ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ ወደ እንፍራዝ የሚወጣው መንገድ መሰላል የመውጣት ያህል ቀጥ ያለ ሆኖበት ነበር። በኮረብታው ወገብ ላይ ሦስት መቶ ያህል ቤቶች አይቷል፤ ከዚያም ሐይቁ በሙሉ እንደሚታይ ጽፏል። በአንዲት ትንሽ ኮረብታ ላይም እየፈረሰ ያለ ባለ አራት ማዕዘን ግንብ አይቶ የዐፄ ዮሐንስ (ቀዳማዊ) ቤት ነው ይላል። ያየው ጉዛራን ከሆነ፣ ግንቡ ከቆመ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ከአፍ የሰማውን ስም ነው የጻፈው፤ ዐፄ ዮሐንስ አድሰውት ወይም ኖረውበት ይሆናል እንጂ አሠሩት ለማለት ይህ ብቻውን አያደርስም።

ከዚያ ወዲህ የነበረው ዘመን የመፍረስ ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራም በዚያው መዝገብ ውስጥ ተካቷል። ክብሩ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ታላቁ በታናሹ ስም መመዝገቡን የአካባቢው ሰው ልብ ሳይለው አይቀርም።

ለመጎብኘት የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ እንዳለፈ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ነው፤ በበጋው አቧራና ጭጋግ ሐይቁን ይሸፍነዋል። ዳገቱ በእግር ስለሚወጣ ጠንካራ ጫማና ውኃ ያስፈልጋል፤ ልል በሆነው ግድግዳ ላይ መውጣት ለጎብኚውም ለግንቡም አደጋ አለው።