ጥንተ ሴማዊ፦ ያልተጻፈ ቋንቋ እንዴት መልሶ ይገነባል?

ጥንተ ሴማዊ የሚባለው ቋንቋ ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም፣ ብራና ላይም አልሰፈረም። ያም ሆኖ የቋንቋ አጥኚዎች 29 ተነባቢ ድምፆች እንደነበሩት ይናገራሉ። ግሱ እንዴት ይረባ እንደነበርም ይጽፋሉ። ግዕዝ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አራማይክና በሸክላ ጽሑፍ የተገኘው አካድኛ ሁሉም ከዚህ ቋንቋ የወረዱ ናቸው። ወደ ኋላ የሚኬድበት መንገድ የንጽጽር ዘዴ ይባላል።

ዘዴው ቃላት ተመሳሰሉ ብሎ አይፈርድም። በፋርስኛም በእንግሊዝኛም «ባድ» መጥፎ ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ዝምድና የላቸውም፣ እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው። ውሰትም አለ። በግዕዝ «ከልብ»፣ በዓረብኛ «ከልብ»፣ በአካድኛ «ከልቡ» የሚባለውን እንስሳ አማርኛ «ውሻ» ይለዋል፤ ቃሉ ከኩሽ ቋንቋዎች እንደመጣ ይታመናል። ስለዚህ የሚፈለገው ደጋግሞ በአንድ መልክ የሚመጣ ልዩነት ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። «ስም» በዕብራይስጥ «ሼም»፣ በአራማይክ «ሽማ»፣ በዓረብኛ «ኢስም» ነው። አሁን «ስምንት»ን እንውሰድ። ግዕዝ «ሰማኒ»፣ ዕብራይስጥ «ሽሞኔ» ይላሉ። አራማይክ ግን በ«ት» ይጀምረዋል። ዓረብኛ ደግሞ ምላስን ጥርስ መሃል አስገብቶ በሚወጣው ድምፅ ነው የሚለው። በሬም እንዲሁ ነው፤ በግዕዝ «ሶር»፣ በዕብራይስጥ «ሾር»፣ በአራማይክ «ቶራ»፣ በዓረብኛ ያው የጥርስ መሃል ድምፅ። እንግዲህ ጥንት የነበሩት ሁለት ድምፆች ናቸው ማለት ነው። ግዕዝና ዕብራይስጥ በየፊናቸው አንድ አደረጓቸው፤ ዓረብኛና አራማይክ ለይተው አቆዩልን።

«ዐሥር» ደግሞ ሦስተኛ ድምፅ ያመጣል። ዓረብኛ እዚህ «ሽ» ይላል፣ ዕብራይስጥ «ስ» ይላል፣ ግዕዝ በንጉሡ «ሠ» ይጽፈዋል። የዚህን ድምፅ አነባበብ ያቆዩት በየመንና በኦማን የሚነገሩት እንደ መህሪና ሶቆጥሪ ያሉ ቋንቋዎች ናቸው፤ አየሩ በምላስ ጎንና ጎን ይወጣል፣ «ል» እና «ስ» የተቀላቀሉ ይመስላል። የዕብራይስጡ «ቦሴም» ወደ ግሪክኛ ሲገባ «ባልሳሞን» የሆነው፣ ያቺ «ል» ከዚሁ ድምፅ ተርፋ ነው ይባላል።

ፊደላችን ሀብት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ሲነበቡ አንድ ናቸው። ትርፍ ፊደል ይቀነስ የሚለው ሙግትም በየጊዜው ይነሳል። ለአጥኚው ግን ትርፍ አይደሉም። «ኀምስቱ» በ«ኀ» የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዓረብኛም እዚያ ቦታ ከጉሮሮ የሚሻክር «ኸ» አለው። ዕብራይስጥ በፊደሉ «ሐ»ንና «ኀ»ን አይለይም። «ፀሐይ» በ«ፀ» ሲጻፍ የዓረብኛውን «ዱሓ» ይገጥማል፤ ያም የረፋድ ብርሃን ነው።

ስለ ጠንካሮቹ ድምፆች፣ ስለ «ጠ» እና «ቀ»፣ ክርክር ነበር። ዓረብኛ ጉሮሮን አጥብቦ ያወጣቸዋል፤ የእኛ ቋንቋዎች በፍንዳታ። ዛሬ አብዛኛው ምሁር የጥንቱ አነባበብ የእኛው ዓይነት ነበር ወደሚለው ያዘነብላል። እነመህሪም እንደኛው ስለሚያወጧቸው ምስክር ናቸው።

ሰዋስውም እንዲሁ ይገነባል። ግዕዝ «ነገርኩ»፣ «ነገርከ» ይላል፤ ለ«እኔ»ም ለ«አንተ»ም «ክ»። ዓረብኛ «ከተብቱ»፣ «ከተብተ» ይላል፤ ሁለቱም በ«ት»። ታዲያ ጥንታዊው የቱ ነው? መልሱ ከአካድኛ ይመጣል፤ እዚያ «እኔ» በ«ኩ»፣ «አንተ» በ«ታ» ይጨርሳሉ። ቅይጡ ነው ጥንታዊው። ከዚያ ተነስቶ አንዱ ወገን ሁሉን በ«ክ»፣ ሌላው በ«ት» አስተካከለ ቢባል ያስኬዳል። በተቃራኒው ለማስረዳት ቢሞከር ግን ነገሩ ይጠላለፋል።

የሙያው ታሪክ ብዙ ጊዜ በ1786 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ጆንስ ካልካታ ላይ ስለ ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን ዝምድና ካደረገው ንግግር ይጀመራል። ከዚያ በፊት ግን የእኛ ሰው አለ። አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ውስጥ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ግዕዝን ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ ጋር ያስተያየው በዚህ ትምህርት ላይ ቆሞ ነው። «ሴማዊ» የሚለው መጠሪያ የተለመደው ጀርመናዊው የታሪክ ምሁር ሽሎዘር በ1781 ከተጠቀመበት ወዲህ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያኮብ ግሪም የጀርመናዊ ቋንቋዎችን የድምፅ ለውጥ በሕግ አስቀመጠ። በ1878 የላይፕሲግ ወጣት ምሁራን የድምፅ ሕግ ልዩ ሁኔታ የለውም አሉ። በጽሑፍ ያልተገኘ፣ በግንባታ ብቻ የታወቀ ቃል ፊት ኮከብ (*) የማድረግ ልማድን ያስፋፋው ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር ሽላይኸር ነው። ዘዴው እንደሚሠራ ካሳዩት ሁሉ የሚጠቀሰው ግን የስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ምሁር የደ ሶሱር ነገር ነው። ገና 21 ዓመቱ ሳለ፣ የሕንድና አውሮፓ ቋንቋዎች እናት የጠፉ ድምፆች ነበሯት ብሎ በስሌት ብቻ ጻፈ። የሰማው ብዙ አልነበረም። በዛሬዋ ቱርክ ምድር በሸክላ ላይ ይጻፍ የነበረው፣ የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ጥንታዊው ሂታይት በ1915 ተፈታ፤ በ1927 ኩሪሎቪች ከእነዚያ ድምፆች አንዱ በሂታይት ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ አሳየ።

ጥንተ ሴማዊ የት ይነገር ነበር? በ2009 የወጣ አንድ ጥናት፣ ሽፈራው አሰፋ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆኑበት፣ በስታቲስቲክስ ስሌት የዛሬ 5,750 ዓመት ገደማ በሌቫንት (በሶርያ፣ በሊባኖስና በፍልስጤም) አካባቢ ይለዋል። ወደ እኛ የደረሰውም የዛሬ 2,800 ዓመት ገደማ ነው ይላል። የቋንቋ ምሁሩ ግሮቨር ሃድሰን ግን መነሻው ኢትዮጵያ ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራክሯል። እዚህ ይህን ያህል የተለያዩ ሴማዊ ቋንቋዎች መኖራቸው በቀላሉ የሚታለፍ ነጥብ አይደለም።

ከጥንተ ሴማዊም ወደ ኋላ ሲኬድ ያለው የአፍሮ እስያዊ ቤተሰብ ነው፤ ኩሽን፣ ኦሞን፣ በርበርን፣ ቻድንና ጥንታዊ ግብፅኛን ይጨምራል። ዝምድናው በአብዛኛው ተቀባይነት አለው፤ ኦሞ ላይ ብቻ ጥያቄ ያላቸው አሉ። መልሶ መገንባቱ ግን ገና ነው። በ1995 የዚህን እናት ቋንቋ ሥረ ቃላት የሰበሰቡ ሁለት ሥራዎች ታትመው ነበር፤ የሚስማሙባቸው ሥረ ቃላት ጥቂት ናቸው።