አምቡላንስ እስኪደርስ፦ የመጀመሪያ እርዳታ በቤት ውስጥ

የመጀመሪያ እርዳታ ማለት አንድ ሰው ድንገት ሲጎዳ ወይም ሲታመም፣ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ አጠገቡ ያለው ሰው የሚያደርግለት እርዳታ ነው። መርፌም ክኒንም አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ውሃ፣ ንጹሕ ጨርቅና ያልተደናገጠ ሰው ይበቃል። ምን ማድረግ እንዳለብን ከማወቅ እኩል፣ ምን ማድረግ እንደሌለብን ማወቅም ያስፈልጋል።

በእኛ ቤት አደጋው ቅርብ የሆነው እሳት ያለበት ቦታ ነው። ቡና ሲፈላ እናስበው። ረከቦቱ መሬት ላይ ነው። ከሰሉ መሬት ላይ ነው። ጀበናውም እዚያው። መዳህ የጀመረ ሕፃን የሚንቀሳቀሰውም እዚያው መሬት ላይ ነው። የጀበናውን ጆሮ አንዴ ሳብ ካደረገ አለቀ።

ሕፃኑ ሲጮህ ቤቱ ይተራመሳል። አንዱ የጥርስ ሳሙና ይዞ ይሮጣል፤ ሌላው ሊጥ፣ ሌላው እንቁላል ወይም ቅቤ። ሁሉም የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ የሚቀቡት ነገር ግን ሕፃኑን ይጎዳዋል። የጥርስ ሳሙና ለጊዜው ቢያቀዘቅዝም ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ሊጥና እንቁላል ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። ሆስፒታል ሲደረስ ደግሞ የተቀባው ሁሉ ከቁስሉ ላይ መታጠብ አለበት። ልጁ ሁለተኛ ይሰቃያል።

መድኃኒቱ ውሃ ነው። የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ማቆየት። 20 ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያዩ መያዝ ይሻላል። ውሃ በጠፋ ቀን ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይቻላል። በረዶ አይደረግም። ቃጠሎው ከደረሰ ጥቂት ቆይቶ ቢሆንም እንኳ፣ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ማቀዝቀዙ ይጠቅማል። እብጠት ከመጀመሩ በፊት ቀለበት፣ አምባርና የእጅ ክር ይውለቅ። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። ሌላው የሰውነት ክፍል እንዳይበርደው ልጁን ሸፈን ማድረግ፣ ቁስሉን ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ላላ አድርጎ መሸፈን።

ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ቁስሉ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ሕክምና መሄድ ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። አቤት ሆስፒታልም ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመ ነው። ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ለተጣራ ሰው የምንመልሰው ቃል ሆኖ መገጣጠሙ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የእሳት አደጋ ድምፅ የለውም። ክረምት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በሩ ይዘጋል፣ ከስሩ ጨርቅ ይወተፋል። ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀ፣ ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም» ብሎ ያምናል። ስህተት ነው። ፍም የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንዴ ራሱን ካመመው ከሰሉን መጠርጠር ነው። የተኛ ሰው ግን ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል።

እንዲህ ሲሆን በሩን በርግዶ ሰዎቹን ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣት። ወተትና ሎሚ ጋዙን ከደም አያስወጡም፤ የሚያስወጣው ኦክስጅን ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ወተት ማጠጣት ሳንባው ውስጥ ሊያስገባበት ይችላል። ተሽሎኛል ቢልም ሆስፒታል ይሂድ።

ቆሎ ወይም ሥጋ አንቆት መናገርም ማሳልም ያቃተውን ሰው ወደፊት ጎንበስ አድርጎ በትከሻዎቹ መሃል በመዳፍ 5 ጊዜ ጠንከር አድርጎ መምታት። ካልወጣ ከኋላው አቅፎ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መጫን፣ እያፈራረቁም መቀጠል። ከ1 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ሆዱ አይጫንም፤ ከጀርባ ምቱ ቀጥሎ ደረቱ በሁለት ጣት ይጫናል።

የሚደማ ቁስል ላይ የቡና ዱቄት አይነሰነስም። በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ ነው፤ የነጠላ ጫፍም ይሆናል። ነስር ሲመጣ ራስ ወደ ኋላ አይጋደምም። ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝ ይበቃል። የሚጥል በሽታ ለጣለው ሰው ክብሪት ማሽተትም ሆነ ጥርሱ መሃል ማንኪያ ማስገባት አይጠቅምም፣ ይጎዳል። አካባቢውን ከሚጎዳ ነገር ማጽዳት፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ።

ነጭ ጋዝና በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው። ለተጠማ ልጅ ሁለቱም ውሃ ናቸው። ልጁ ከጠጣ አያስታውኩት። ሲወርድ የጎዳው ሲወጣ ደግሞ ይጎዳዋል፤ ነጭ ጋዙም ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ሰው ተዝለፍልፎ ወድቆ ሲጠሩት ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ከሌለ፣ የደረቱን መሃል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እስኪገባ። የሚረዳ ሰው እስኪመጣ አይቋረጥም። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ከሆነ ግን ከመንካት በፊት ቆጣሪው ይጥፋ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ነው። ዛሬ አምቡላንሱ በ907 ይጠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939 አለ። ቁጥሮቹ ስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ግድግዳ ላይም ይጻፉ፤ ልጆችም የቤት ሠራተኛዋም እንዲያዩዋቸው። ሲደውሉ የቤት ቁጥር ብዙም አይረዳም። ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ የታወቀውን ዳቦ ቤት መጥራት ይሻላል። አንድ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ይጠብቅ፣ ማታ ከሆነ የስልኩን መብራት አብርቶ።