የማክግሬጎር ስም አመጣጥና የትውልድ ሐረጉ ፍለጋ

ማክግሬጎር በስኮትላንድ ደጋማ ክፍል፣ አርጋይልና ፐርዝሺር በሚዋሰኑባቸው ሸለቆዎች ውስጥ የኖረ ጥንታዊ ጎሳ መጠሪያ ነው። ትርጉሙ በጌሊክ ቋንቋ «የግሬጎር ልጅ» ሲሆን፣ ግሬጎር እኛ ጎርጎርዮስ የምንለው የክርስትና ስም ነው። ይህን ስም ከሌሎቹ የስኮትላንድ ጎሳዎች መጠሪያ ሁሉ የሚለየው ከ1603 እስከ 1774 (ዓመታቱም ሆኑ ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በመካከሉ ከነበረው የ32 ዓመት እፎይታ በቀር፣ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ነው። ስለዚህ የዚህን ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚከተል ሰው ስሙ በተጻፈባቸው መዝገቦች ብቻ ሳይወሰን፣ ስሙ እንዳይጻፍ በተደረገባቸው መዝገቦችም ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል።

የጎሳው መፈክር «ዘሬ ንጉሣዊ ነው» የሚል ነው። በትውፊቱ መሠረት የጎሳው አባት ግሬጎር የአልፒን ልጅ፣ በ858 የሞተው የስኮቶች ንጉሥ የኬኔዝ ማክአልፒንም ወንድም ነበር። ይህ የዘር ቆጠራ በጽሑፍ የሚገኘው የሊዝሞር ካቴድራል ዲን የነበረው ጄምስ ማክግሬጎር ከወገኖቹ ጋር በ16ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ባዘጋጀው፣ ዛሬ በኤዲንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሚጠበቀው ታላቅ የጌሊክ ግጥሞች ስብስብ ውስጥ ነው። የዘመናችን የታሪክ ሊቃውንት በዘመኑ ሰነድ የማይደገፍ መሆኑንና በመካከለኛው ዘመን ብዙ ጎሳዎች ራሳቸውን ከነገሥታት ጋር ያቆራኙ እንደነበር በማስታወስ አይቀበሉትም። ይሁን እንጂ ጎሳው በስደቱ ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ሳይጥል መያዙ ስለ ራሱ የነበረውን ግምት በግልጽ ያሳያል።

በሰነድ የሚታወቀው መነሻ 14ኛው መቶ ዘመን ነው። የፎርቲንጋል ቀሳውስት በጻፉት የሞትና የቀብር መዘክር ውስጥ፣ የግሌኖርኪው ጆን የግሬጎር ልጅ በ1390 ማረፉ ተመዝግቧል። የዘር ቆጣሪዎች ይህ ሰው «አንድ ዓይናው ኢየን» የሚባለው እንደሆነና አባቱም «የወርቅ ልጓሙ ግሬጎር» እንደነበር ይስማማሉ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በደጋማው ስኮትላንድ በዚያ ዘመን የአባት ስም እንደ እኛ ልማድ በየትውልዱ ይለዋወጥ ስለነበር፣ በአሮጌ ሰነድ «ማክግሬጎር» ተብሎ የተጠራ ሰው የጎሳው አባል ሳይሆን በአጋጣሚ ግሬጎር የሚባል አባት የነበረው ሊሆን ይችላል። ግሬግና ግሬጎሪ የሚሉ የቤተሰብ ስሞችም ከዚሁ የክርስትና ስም የተገኙ እንጂ በራሳቸው የጎሳው ልጅነት ማስረጃ አይደሉም።

የግሌኖርኪ ርስት በ14ኛው መቶ ዘመን ወደ ጎረቤቶቻቸው ወደ ካምቤል ጎሳ ሰዎች እጅ ገባ፤ ማክግሬጎሮችም በገዛ አገራቸው የሌላ ሰው ጭሰኞች ሆኑ። በ1570 የግሌኖርኪው ካምቤል የግሌንስትሬውን አለቃ ግሬጎር ሩዋን አንገቱን አስቀላ። ሚስቱ ራሷ ከካምቤል ወገን ነበረች፤ ለእርሱ እንዳለቀሰችው የሚነገረው ሙሾ እስከ ዛሬ በጌሊክ ይዘመራል።

የጎሳውን ዕጣ የቀየረው ግን የካቲት 7 ቀን 1603 በግሌን ፍሩን ሸለቆ የተደረገው ጦርነት ነው። የግሌንስትሬው አላስዴር ማክግሬጎር፣ ከንጉሡ ፈቃድ ተቀብለው የወጡበትንና በቁጥር ይበልጡት የነበሩትን የሉሱ ካሁን ጎሳ ሰዎች ድል አድርጎ ከመቶ በላይ ገደለ፤ ከብቶቻቸውንም ነዳ። ጦርነቱን ለማየት የመጡ የደምባርተን ተማሪዎች ታረዱ የሚለው ክስ በኋላ ዘመን የተስፋፋ ነው፤ ማስረጃው ደካማ በመሆኑ የጎሳው ታሪክ ጸሐፊዎች በትክክል ውድቅ ያደርጉታል።

ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ የእንግሊዝን ዙፋን ለመውረስ ወደ ለንደን ከመነሳቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1603፣ የንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት የማክግሬጎር ስም ለዘለዓለም እንዲጠፋ አወጀ። ስሙን የያዘ ሁሉ በሞት ቅጣት ሌላ ስም እንዲወስድ ታዘዘ። ቆየት ብሎም መሣሪያ መያዝ ተከለከለ፤ የተፈቀደው ለምግብ መቁረጫ የሚሆን ጫፉ የተቆረጠ ቢላ ብቻ ነበር። ከአራት በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። አላስዴር፣ በሰላም ወደ እንግሊዝ አደርስሃለሁ ብሎ ቃል በገባለት በካምቤሎች አለቃ፣ በአርጋይል ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) እጅ ገባ፤ ኧርሉም ድንበሩን አሻግሮ ወዲያው መልሶ በማምጣት ቃሉን በፊደሉ ብቻ ፈጸመ። አላስዴር ጥር 20 ቀን 1604 በኤዲንብራ አደባባይ ከወገኖቹ ጋር ተሰቀለ። ከመሞቱ በፊት በሰጠው ቃል፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ያጋጨው ይኸው ኧርል እንደሆነ ተናግሯል። ኧርሉ ከጠቡ ተጠቃሚ እንደነበር ሲታሰብ ቃሉን ማመን አያስቸግርም።

በ1617 ፓርላማው እገዳውን በሕግ አጸና፤ ለአቅመ አዳም የሚደርሱ ልጆችም እንዲገቡበት ተደረገ። በ1633 የወጣው ሕግ ለትውልድ ፈላጊው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቀሳውስት ወንድ ልጅን ግሬጎር ብለው እንዳያጠምቁ፣ ጸሐፊዎችም በዚህ ስም ውል እንዳይጽፉ ከልክሏልና። በዚህ ምክንያት ቤተሰቦቹ ድራሞንድ፣ መሪ፣ ካምቤል፣ ግራንት፣ ስቱዋርት፣ ግሬም እየተባሉ፣ ብዙ ጊዜም የባላባታቸውን ስም እየወሰዱ በመዝገብ ገቡ። አንዳንድ ሰነድ «ድራሞንድ፣ በሌላ ስሙ ማክግሬጎር» ብሎ ሁለቱንም ያስቀምጣል፤ ለተመራማሪ እንዲህ ያለ መስመር የመዝገብ ቤት ትልቁ ስጦታ ነው። ከሁሉ የበለጠ ዝርዝር የሚገኘውም፣ የሚገርመው፣ በአሳዳጆቻቸው በግሌኖርኪ ካምቤሎች ወረቀቶች ውስጥ ነው፤ የጭሰኞች ዝርዝር፣ የጉዲፈቻ ውልና የዋስትና ሰነድ ሁሉ ዛሬ በስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል።

ቻርልስ ሁለተኛ በ1661 እገዳውን አነሳ፤ በ1693 በንጉሥ ዊልያም ዘመን ተመልሶ ተጣለ። ዝነኛው የጎሳው ሽፍታ ሮብ ሮይ መጋቢት 7 ቀን 1671 በቡካነን ደብር የተጠመቀው በእፎይታው ዘመን ነበር፤ ከ1693 በኋላ ግን በእናቱ ወገን ስም ካምቤል እየተባለ ፈርሟል። በ1734 ሞቶ በባልውሂደር ተቀበረ።

እገዳው በ1774 ለመጨረሻ ጊዜ ከተሻረ በኋላ 826 የጎሳው ሰዎች ተፈራርመው የላንሪኩን ጄኔራል ጆን መሪን አለቃቸው አደረጉ። የሮብ ሮይ ወገን የሆነው የግሌንጋይል ቤት መብቱ የእኛ ነው ይል ስለነበር፣ ነገሩ የተዘጋው በሐረግ ክርክር ሳይሆን በፊርማው ብዛት ነው ማለት ይቻላል። የጄኔራሉ ልጅ ሰር ኢቫን በ1822 ማክግሬጎር የሚለውን ስም መለሰ፤ የጎሳው ማኅበርም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው።

ዛሬ ሐረጉን የሚቆጥር ሰው የሚጀምረው ከቅርቡ ነው። የስኮትላንድ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ጥር 1 ቀን 1855 ነው። የዚያ ዓመት ቅጾች ከኋለኞቹ ይልቅ ስለ ወላጆች ብዙ ዝርዝር ይዘዋል፤ ያገቡ ሴቶችም በአባታቸው ቤት ስም ስለሚጠሩ የእናት ወገን አይጠፋም። ከ1841 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ይረዳል። ከ1855 በፊት የደብር መዝገቦች አሉ፤ ጥንታዊው የኤሮል ደብር መዝገብ ከ1553 ይጀምራል፤ የደጋማዎቹ ደብሮች ግን አብዛኛዎቹ ከ18ኛው መቶ ዘመን አይቀድሙም። ከዚያ ወዲያ የሚቀሩት ኑዛዜዎችና ከ1617 ጀምሮ የተያዘው የርስት ዝውውር መዝገብ ናቸው። መሬት የሌለው ጭሰኛ በሁለተኛው ውስጥ አይገኝም።

ሰነዱ ባለቀበት ቦታ፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ሥራውን ተረክቧል። በምርመራው ብዙ የማክግሬጎር ወንዶች ከአንድ የመካከለኛው ዘመን አባት መውረዳቸው ታይቷል። ሌሎች ግን ስሙን ይዘው ደሙን አይጋሩም፤ አለቃውን ተጠግተው ስሙን የወሰዱ ቤተሰቦች ዘሮች ይሆናሉ። በአንጻሩ ሌላ ስም ይዘው ከዋናው ሐረግ ጋር የሚገጥሙ ወንዶችም ተገኝተዋል። ከ1774 በፊት ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገሩት ቤተሰቦች በተለይ በዚህ ይጠቀማሉ፤ ከአገር የወጡት በተበደረው ስም ስለሆነና እገዳው ሲነሳም ብዙዎቹ ያንኑ ይዘው ስለቀሩ፣ ከግሌንስትሬ ጋር የሚያገናኛቸው ሌላ ማስረጃ ብዙ ጊዜ አይገኝም።