«ዎርድ ቁጥሬን አበላሸብኝ» ለምትሉ

በማይክሮሶፍት ዎርድ የተጻፈ ሰነድ ማስተካከል ሥራዬ ነው። ሪፖርት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ውል፣ መመሪያ፣ ብቻ ርዕስና ንዑስ ርዕስ ያለው ነገር ሁሉ በእጄ ያልፋል። በዚህ ሥራ ላይ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ያሰለቸኝ የለም። «ዎርድ ቁጥሩን ስለሚያበላሽብኝ በእጄ ነው የምጽፈው።» ተማሪውም ይለዋል፣ ኃላፊውም ይለዋል። ፋይሉን ስከፍተው 1.1፣ 1.2፣ 2.3.1 ሁሉም በኪቦርድ አንድ በአንድ ተለቅመዋል። አንዱ ቁጥር አጠገብ ሁለት ስፔስ አለ፣ ሌላው አጠገብ ታብ አለ፣ ሦስተኛው ላይ ነጥቧ ተረስታለች።

ዎርድ ቁጥር አያበላሽም። ቁጥሩን የሚቆጥረው በተነገረው መሠረት ነው። አብዛኛው ሰው ግን በትክክል ነግሮት አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ላንሳ። አንዳንዶቹን በአንድ መስመር አልፋቸዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን እቆያለሁ።

«በእጅ መጻፍ ይሻላል፤ ቢያንስ አይንቀሳቀስም»

ችግሩ እኮ ይኸው አለመንቀሳቀሱ ነው። ሰነድ ይንቀሳቀሳል። ምዕራፍ ይጨመራል፣ ክፍል ይወጣል፣ ከታች የነበረው ወደ ላይ ይመጣል። በእጅ የተጻፈ ቁጥር ግን ይህን ሁሉ አያይም። ከሥሩ ያለው ሁሉ ሲቀየር እሱ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

አንዲት የመመረቂያ ጽሑፏን የጨረሰች ልጅ መጥታልኝ ነበር። ልታስረክብ አንድ ቀን ሲቀር አማካሪዋ «ይህ ክፍል ወደ ምዕራፍ 2 ይግባ» አሏት። ቁጥሩን ሁሉ የጻፈችው በእጇ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ አስተካከለች። ርዕሶቹን አስተካክላ ጨረሰች። ጽሑፉ ውስጥ ተበትነው ያሉትን «ክፍል 3.4ን ይመልከቱ» የሚሉ ጥቆማዎች ግን ማን ይልቀማቸው? ፈታኙ 3.4ን ሲገልጡ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ክፍል አገኙ። ጥሩ ሥራ ነበር። ሰው ግን መጀመሪያ ያየው ስህተቱን ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በስታይል፣ ማለትም ዎርድ ለርዕስ ባዘጋጀው የቅርጽ ስብስብ፣ ቢሠራ ኖሮ ለውጡ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

አንድ ነገር ሞክሩ። ዎርድ ራሱ ባወጣው ቁጥር ላይ ማውዙን ክሊክ አድርጉ። ከርሰሩ ቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ቁጥሩ ግራጫ ጥላ ይለብሳል እንጂ እንደ ፊደል አይነካም። ፊደል ስላልሆነ ነው። ቁጥሩ የአንቀጹ ጠባይ ነው፤ ልክ አንቀጹ ወደ ግራ ወይም ወደ መሐል እንደሚደረደረው ማለት ነው። የዎርድ ፋይል በውስጡ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች የታሸጉበት ጥቅል ነው። ከእነሱ አንዱ የቁጥር ዝርዝሮችን አሠራር ብቻ ይይዛል። አንቀጹ ራሱ «እኔ የዚህ ዝርዝር ነኝ፣ ደረጃዬም ሁለተኛ ነው» ብቻ ይላል። 2.3 የሚለው ቁጥር በርዕሱ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ዎርድ ሰነዱን ባሳያችሁ ቁጥር ከላይ ጀምሮ ይቆጥራል። አንድ ክፍል ስታወጡ የተቀሩት ወዲያው ቦታቸውን የሚይዙት ለዚህ ነው።

ጥቆማዎቹም እንዲሁ ናቸው። «ክፍል 3.4» ብላችሁ አትጻፉ። «ክፍል» ካላችሁ በኋላ ከላይ ካሉት ሜኑዎች ሪፈረንስስ ከሚለው ታብ ክሮስ ሪፈረንስ የሚለውን ክፈቱ። ዓይነቱን ሄዲንግ አድርጉና የርዕሱ ቁጥር እንዲገባ ምረጡ። ርዕሱ ሲንቀሳቀስ ጥቆማው ይከተለዋል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ርዕሶቹ ወዲያው ይቆጠራሉ፤ ጥቆማዎቹና ማውጫው ግን እስኪታደሱ ይጠብቃሉ። ከማተማችሁ በፊት ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ሁሉንም ምረጡ፣ ከዚያ ኤፍ 9ን ተጫኑ። ጥቆማ የሰጣችሁበትን ርዕስ አጥፍታችሁት ከሆነ ዎርድ ቦታው ላይ የስህተት መልእክት ያወጣል። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። እኔ ግን ደስ ይለኛል። በእጅ ቢጻፍ ኖሮ ስህተቱ ዝም ብሎ ይታተም ነበር።

«የቁጥር ቁልፏን ተጭኛለሁ፤ ያው ስታይል ነው»

አይደለም። ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ይሄ ነው። «ዎርድ አበደብኝ» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ሰፈር ናቸው።

ሆም ታብ ላይ ያለችውን የቁጥር ዝርዝር ቁልፍ ስትጫኑ ቁጥሩ ያ አንቀጽ ላይ ብቻ ይለጠፋል። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ደግማችሁ ስትጫኑ ዎርድ አንዳንዴ ያንኑ ዝርዝር ይቀጥላል፣ አንዳንዴ አዲስ ይጀምራል። ባለፈው የከፈትኩት አንድ መመሪያ ውስጥ የምዕራፍ 4 ርዕሶች የምዕራፍ 3ን ጨርሶ አያውቋቸውም ነበር። ላየው ሰው አንድ ወጥ ዝርዝር ይመስላል። ከውስጥ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ብዙ ዝርዝሮች ናቸው። 4 መሆን የነበረበት ቁጥር ድንገት 1 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ቁጥሩን ከአንቀጹ አንስቶ ከስታይሉ ጋር ማሰር ነው። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ከኮምፒውተራችሁ ጋር እየሞከራችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ ለርዕሶቻችሁ ስታይል ስጡ። ለምዕራፍ ሄዲንግ 1፣ ለንዑስ ርዕስ ሄዲንግ 2፣ ከሱ ሥር ላለው ሄዲንግ 3። ኮንትሮልና ኦልት ይዛችሁ 1፣ 2 ወይም 3ን ብትጫኑ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ከዚያ ከርሰሩን የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ ላይ አስቀምጡ። ይህቺን አትዝለሉ፤ ሌላ ቦታ ላይ ሆናችሁ ከጀመራችሁ ነገሩ ይዘበራረቃል። ሆም ታብ ላይ ሦስት የዝርዝር ቁልፎች ጎን ለጎን አሉ። ሦስተኛዋ መልቲሌቭል ሊስት ናት። ክፈቷትና ከታች ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት የሚለውን ምረጡ።

የሚመጣው ሳጥን መጀመሪያ ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ከታች በስተግራ ሞር የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጫኑ። አሁን በስተቀኝ ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል የሚል መስመር ታያላችሁ። የዚህ ጽሑፍ ልብ እሱ ነው። በግራ በኩል 1ን ምረጡ፣ በቀኝ ሄዲንግ 1ን ስጡት። 2ን ምረጡ፣ ሄዲንግ 2ን ስጡት። 3ም እንዲሁ። ደረጃዎቹ እስከ 9 ይሄዳሉ፣ ሄዲንግ ስታይሎቹም 9 ናቸው። ከ3 ወይም ከ4 በላይ የሚያስፈልገው ሰነድ ግን ብዙ አላየሁም።

እዚያው ሳጥን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሳሳትባት አንዲት ቦታ አለች። የደረጃ 2 ቁጥር 1.1 እንዲመስል ፈልጎ የመጀመሪያዋን 1 በኪቦርድ ይጽፋታል። ከዚያ ምዕራፍ 5 ላይ ሲደርስ አሁንም 1.1፣ 1.2 ይልበታል። ግራጫ ጥላ ያላት ቁጥር ናት የምትቆጥረው። እናንተ የጻፋችኋት ጥላ የላትም፣ አትቆጥርም። የላይኛውን ደረጃ ቁጥር ለማስገባት ኢንክሉድ ሌቭል ነምበር ፍሮም ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ምረጡት። በኪቦርድ የምትጽፉት ነጥቧን ብቻ ነው። «ምዕራፍ» የሚለውን ቃልም ከቁጥሩ ፊት እዚሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ቸኩላችኋል? መልቲሌቭል ሊስት ስትከፍቱ ከሚታዩት ናሙናዎች ውስጥ ከቁጥሩ አጠገብ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 የሚል የተጻፈባቸው አሉ። እነሱ ቀድሞ የታሰሩ ናቸው። አንዱን መምረጥ ይበቃል።

«ሄዲንግ ስታይል ሰማያዊ ነው፤ አያምርም»

እና ቀይሩት! ስታይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሞዲፋይ በሉ። ፎንቱን፣ ቀለሙን፣ መጠኑን እንደፈለጋችሁ አድርጉ። አንዴ ስትቀይሩት ሰነዱ ውስጥ ያሉት ርዕሶች ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። በቀለም ምክንያት ብቻ ስታይልን ሙሉ በሙሉ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

«ርዕሱን ቦልድ አድርጌ ፎንቱን ካሳደግኩ ርዕስ ሆነ»

ለዓይን ሆነ። ለዎርድ ግን አሁንም ተራ አንቀጽ ነው።

«ማውጫ በእጅ ካልተሠራ አያምርም»

ርዕሶቹ በሄዲንግ ስታይል ከተሠሩ ማውጫው ቁጥሩንም ገጹንም ይዞ በሁለት ክሊክ ይወጣል። በነጠብጣብ መስመር እየደረደሩ ገጽ መቁጠር የጊዜ ጥፋት ነው። ሌላም ትርፍ አለው። ቪው ከሚለው ታብ ናቪጌሽን ፔን ስትከፍቱ ርዕሶቻችሁ በግራ በኩል ይደረደራሉ። አንዱን በማውዝ ይዛችሁ ወደ ላይ ብትስቡት ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በሙሉ አብሮት ይሄዳል። ቁጥሮቹም እዚያው ይስተካከላሉ። ያቺ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የለፋችበት ሥራ ይሄ ነበር።

«ቁጥሩ ብቻውን ደመቀ፤ ፋይሉ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ቁጥሩ መልኩን የሚወስደው ከአንቀጹ መጨረሻ ምልክት ነው። ያቺ ምልክት ብዙ ጊዜ ስለማትታይ ሰው ይረሳታል። ኮንትሮልና ሺፍት ይዛችሁ 8ን ብትጫኑ ትታያለች። ምልክቷን ብቻ መርጣችሁ ቦልዱን አጥፉ፤ ቁጥሩ ይመለሳል።

«ገባ ያለውን በስፔስ ወይም በሩለር ማስተካከል ይቻላል»

ይቻላል፤ ግን የምታስተካክሉት አንዱን ብቻ ነው። ሌላው እንዳለ ይቀራል። ቁጥሩ ከዳር የሚርቅበትንና ጽሑፉ የሚጀምርበትን ልክ የዝርዝሩ ሳጥን ውስጥ ወስኑ። አንዱ ርዕስ ከሌሎቹ ተለይቶ ከተጣመመባችሁ እሱ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኪው ተጫኑ። በእጅ የተደረገበት የአንቀጽ አደራደር ሁሉ ይነሳና ስታይሉ ወዳዘዘው ይመለሳል።

«በጽሑፉ መሐል ያለ ዝርዝር ሁልጊዜ ቀኝ ክሊክ ተደርጎ ነው ከ1 የሚጀምረው»

ዝርዝሩ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ ቀኝ ክሊኩ ምንም አይደለም። መመሪያ የሚጽፍ ሰው ግን በየገጹ «እነዚህን ደረጃዎች ተከተሉ፦» ብሎ 1፣ 2፣ 3 የሚደረድር ነው። እሱ በየጊዜው ቀኝ ክሊክ ሲያደርግ ሊኖር አይችልም። አንዷን ትረሳና ሥራው 14ኛ ደረጃ ብሎ ይጀምርባችኋል።

እኔ የምጠቀምበትን ልንገራችሁ። ከርዕሶቹ የተለየ ሌላ ባለብዙ ደረጃ ዝርዝር ሥሩ። ደረጃ 1ን «እነዚህን ተከተሉ» ለሚለው የመግቢያ አንቀጽ ስታይል እሰሩት፤ የቁጥር ሳጥኑንም ባዶ አድርጉት። ደረጃ 2ን ለቁጥሮቹ ስታይል እሰሩት። ታችኛው ደረጃ ከላይኛው በኋላ እንደገና ከ1 ይጀምራል። መግቢያው አንቀጽ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩ ራሱ ከ1 ይጀምራል ማለት ነው። መግቢያው ላይ ምንም ቁጥር አይታይም። ይህን ያሳየኋቸው ሰዎች ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም ይሉኛል።

«ምዕራፉ የሮማ ቁጥር ከሆነ ንዑሱ V.1 ከመሆን አያመልጥም»

ያመልጣል። ያው የዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት ሳጥን ውስጥ ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። ለደረጃ 2 ምልክት አድርጉበት፤ ምዕራፉ በሮማ ቁጥር እንዳለ ንዑሱ 5.1 ይሆናል።

«አባሪ ግን በእጅ ነው»

እሱም በእጅ አይደለም። ከማትጠቀሙባቸው ደረጃዎች አንዱን፣ ለምሳሌ 7ን፣ ለሄዲንግ 7 እሰሩና ከቁጥሩ ፊት «አባሪ» ብላችሁ ጻፉ። ከሌላ ደረጃ በኋላ እንደገና ጀምር የሚለውን ምልክት አንሱበት። ከዋናው ምዕራፍ ጋር ሳይጋጭ ለብቻው ይቆጥራል። ማውጫ ውስጥ እንዲገባ ደግሞ በማውጫው ኦፕሽን ላይ ሄዲንግ 7ን ጨምሩ፤ ካልተነካ የሚሰበስበው እስከ ሄዲንግ 3 ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

«ሊብረኦፊስ ላይ ይህ ሁሉ የለም»

አለ። ሊብረኦፊስ እንደ ዎርድ ያለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ቱልስ ከሚለው ሜኑ ሥር የርዕስ ቁጥር ማስተካከያው ይገኛል፤ እንዲያውም ደረጃው እስከ 10 ይሄዳል።

«የኔ ፋይል ከዚህ በኋላ አይድንም»

ይድናል። መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጡ። ርዕሶቹ ላይ ሄዲንግ ስታይል እየሰጣችሁ ከላይ እስከ ታች ውረዱ፤ ከዚያ ዝርዝሩን እሰሩ። አሁን ርዕሶቹ ድርብ ቁጥር ይኖራቸዋል፤ አንዱ የዎርድ፣ አንዱ የእናንተ። ናቪጌሽን ፔን ላይ ሁሉም ተደርድረው ስለሚታዩ አንዱም አያመልጣችሁም። በእጅ የጻፋችሁትን እያጠፋችሁ ሂዱ። ሁለቱ ቁጥሮች የማይመሳሰሉበት ቦታ ስትደርሱ ቆም በሉ፤ አንድ ቁጥር የዘለላችሁት ወይም የደገማችሁት እዚያ ጋ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ለዚያ ቁጥር የተሰጠውንም ጥቆማ ፈልጋችሁ በክሮስ ሪፈረንስ ተኩት። ከሌላ ፋይል የምታመጡትን ጽሑፍ ደግሞ ጽሑፉን ብቻ የሚያስቀረውን አማራጭ መርጣችሁ ፔስት አድርጉት፣ ስታይሉን እዚህ ስጡት። አለበለዚያ የዚያ ፋይል ዝርዝር ተከትሎት ይገባና ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይሆናል።