ስለ ባዝ ፍል ውሃና ስለ ንጉሡ የስደት ቤት በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ባዝ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኤቨን ወንዝ ዳር ያለች፣ በፍል ውሃ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ስለኖሩባት ስሟ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ታሪኳ ሲወራ ግን ይዛነፋል፤ በተለይ የንጉሡን ኑሮ አዛብተው ሲያወሩት ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ውሃው የሚሞቀው ከሥሩ እሳተ ገሞራ ስላለ ነው»

ስምጥ ሸለቆን ለምናውቅ ሰዎች እንዲህ ማሰብ ቀላል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን የሚሠራ እሳተ ገሞራ የለም። የባዝ ፍል ውሃ በሜንዲፕ ኮረብቶች ላይ የዘነበ ዝናብ ነው። በኖራ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ ሰርጎ ከ2,700 እስከ 4,300 ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ጥልቀት ላይ የከርሰ ምድሩ ሙቀት ያግለውና በተሰነጠቀው አለት በኩል ተመልሶ ይወጣል። ዋናው ምንጭ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ውሃ በቀን ከ1.1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ያፈልቃል። ዛሬ የሚፈልቀው የዘነበው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው።

«ምንጩን ያገኙት ሮማውያን ናቸው»

ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ሰዎች ምንጩን ሱሊስ የምትባል አምላክ ማደሪያ አድርገው ያከብሩት ነበር። ሮማውያን በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መቅደስና መታጠቢያ ሲሠሩ እሷን አላባረሩም፤ ከራሳቸው አምላክ ከሚነርቫ ጋር አንድ አድርገው «ሱሊስ ሚነርቫ» አሏት።

ሕዝቡ ምን ያህል ይፈራት እንደነበር ከምንጩ ውስጥ የወጡት 130 ያህል ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ስስ የእርሳስ ዝርግ ቁርጥራጮች ይመሰክራሉ። አብዛኞቹ ንብረታቸው የተሰረቀባቸው ሰዎች ለእሷ ያቀረቡት አቤቱታ ናቸው። ዶኪሊያኑስ የተባለ ሰው ቆብ ያለው ካባው ተሰርቆበት፣ ሌባው ወንድ ይሁን ሴት፣ ባሪያ ይሁን ጨዋ፣ ካባውን ወደ ቤተ መቅደሷ እስኪመልስ ድረስ እንቅልፍም ልጅም እንዳይሰጠው ሱሊስን ይለምናል። በሮማውያኑ መታጠቢያ ሙዚየም ካለው ነገር ሁሉ ለእኔ ይህን የሚያህል የለም፤ የተራ ሰው ምሬት እንዳለ ይሰማበታል።

«በመታጠቢያው የሚታየው ሁሉ የሮማውያን ሥራ ነው»

ትልቁ ገንዳ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈው እርሳስና የዓምዶቹ እግር በእርግጥ የእነሱ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንባታ ነው፤ በሰገነቱ ላይ የቆሙት ሐውልቶችም እንዲሁ። በፎቶ የምናውቀው አረንጓዴ ቀለምም ጥንታዊ አይደለም። በሮማውያን ዘመን ገንዳው ጣሪያ ነበረው፤ ዛሬ ግን ፀሐይ ስለሚያገኘው አልጌ ይበቅልበታል።

«እዚያው ገብቶ መታጠብ ይቻላል»

አይቻልም። በ1978 በምንጩ ውሃ የዋኘች ልጅ አሜባ ባመጣባት የአንጎል በሽታ ሞተች፤ የሕዝብ መታጠቢያውም ተዘጋ። መታጠብ የሚፈልግ ሰው በ2006 ወደ ተከፈተው፣ ንጹሕ ውሃ በአዲስ ጉድጓድ ወደሚቀርብለት መታጠቢያ ይሄዳል።

«ንጉሡ የእንግሊዝ መንግሥት እያኖራቸው በድሎት ተቀመጡ»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ንጉሡ በ1936 ወደ ባዝ መጀመሪያ የመጡት በፍል ውሃው ለመታከም ነበር። ከዚያ ፌርፊልድ የተባለውን ቤት በራሳቸው ገንዘብ ገዙ። የእንግሊዝ መንግሥት ጣሊያንን ላለማስቀየም ሲል ይሸሻቸው ነበር፤ በ1938 ደግሞ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ገዥነት በይፋ እስከ መቀበል ደረሰ። ቤቱ ውስጥ ቤተሰቡ፣ መኳንንቱና አገልጋዮቹ ተሰብስበው ስለሚኖሩ ወጪው ብዙ ነበር፤ የብር ዕቃዎቻቸው ለሐራጅ ወጥተዋል። አገር አልባ የሆነ ንጉሥ ለእንግሊዝ ክረምት የማሞቂያ ወጪ ሲጨነቅ ማሰብ ከድሎት ወሬው ጋር በፍጹም አይገጥምም። በ1940 ጣሊያን ጦርነት ውስጥ ስትገባ ነው እንግሊዞች የፈለጓቸውና ወደ ሱዳን የተጓዙት።

«ቤቱን እንግሊዞች ወረሱት»

ማንም አልወረሰውም። ንጉሡ በ1954 ባዝን ሲጎበኙ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 ደግሞ ፌርፊልድን ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማዋ በስጦታ ሰጡ። ቤቱ ዛሬም በኒውብሪጅ ሰፈር አለ።